የዶሮዋ አንቲቦዲ ከ11 ወር በኋላ

የመጀመሪያዋ የአንቲቦዲ ብልቃጥ 8 ወር ቆየችልኝ፤ አሁን ሁለተኛዋን አጋምሻለሁ። 100 ማይክሮሊትር ማለት ሁለት ጠብታ ናት። 400 ዶላር ግድም ተከፍሎባት ስትመጣ ሰው ክዳኗን ሲከፍት እንኳ ትንፋሹን ይይዛል።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአይጥ አንጎል ላይ ነው። አንቲቦዲ አንድን ፕሮቲን መርጦ የሚይዝ ሞለኪውል ነው፤ ይህኛው የሚይዘው ኒውሮፊላመንት ኤች የተባለውን ፕሮቲን ነው። ኒውሮፊላመንት የነርቭ ሴል ምሰሶና ማገር ነው፤ ወፈር ያሉት አክሶኖች (ከሴሉ የሚወጡት መልእክት አስተላላፊ ክሮች) ውፍረታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከእሱ ነው። ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የሚባሉ ክፍሎች ሲኖሩት ኤች ከባዱ ነው። ቅሬታም ስላለኝ የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ።

የገዛሁት ከሌሎቹ የበለጠ ያበራል ብዬ ሳይሆን ከዶሮ ስለተሠራ ነው። በአንድ ቁራጭ ላይ ሦስት ፕሮቲን በሦስት ቀለም ማየት የፈለገ ሰው ከሦስት እንስሳ የመጡ አንቲቦዲዎች ያስፈልጉታል፤ እኛ ደግሞ የጥንቸሉንና የአይጡን ለሌላ ሥራ ይዘናቸዋል። በዚያ ላይ የአይጥ አንቲቦዲ በአይጥ አንጎል ላይ ሲደረግ፣ ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ይዞ ቀለሙን የሚሰጠው፣ የእንስሳዋን የራሷን አንቲቦዲ እየያዘ የደም ሥሩን ሁሉ ያበራዋል። የዶሮው ከዚህ ጣጣ ይገላግላል። ጎረቤት ላብ ያለች የአገሬ ልጅ «በጾም ትነኪዋለሽ?» ብላ ስትቀልድብኝ፣ ዶሮዋ እንደማትታረድ፣ አንቲቦዲው ከእንቁላሏ አስኳል እንደሚጣራ አስረዳኋት። «እንቁላልም ቢሆን ያው ፍስክ ነው» አለችኝ።

እንዳይበላሽ በ4 ከመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ የቆየ፣ 30 ማይክሮን ውፍረት ያለው የአንጎል ቁራጭ ላይ 1:5000 አቅጥኜ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት መጀመሪያ የማየው ሁልጊዜ ሴሬቤለምን፣ ትንሹን አንጎል፣ ነው። የቅርጫት ሴሎች አክሶን በፐርኪንዬ ሴሎች ዙሪያ እንደ ስፌት እየተጠማዘዘ ያቅፋቸዋል፤ ከሥራቸው ተሰብስቦ ደግሞ እንደ ብሩሽ ይሾላል። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰው ልክ ነበር። ባክግራውንዱ ጥቁር፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ከአጠገባቸው የተፋፈጉት ጥቃቅን ግራኑል ሴሎች ግን ጨለማ ናቸው፤ ኒውሮፊላመንታቸው ጥቂት ነውና። ስለዚህ በዚህ አንቲቦዲ ነርቭ ሴል ልቁጠር የሚል ሰው ብዙውን ሳያይ ያልፋል። ዴንድራይት (የሴሉን መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፍ) ለሚፈልግም ማፕ 2 የተባለውን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ወር ላይ አንቲቦዲው ሞተ ብዬ ነበር። ከፅንስ አንጎል የወሰድናቸውን ሴሎች ሳህን ላይ ባሳደግን በ3ኛው ቀን ቀባኋቸው፤ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ደግሜ ሠራሁ፣ መጠኑን አበዛሁ፣ ያው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቤታ 3 ቱቡሊን የተባለው ሌላ ፕሮቲን በለጋ ነርቭ ሴል ላይ ገና በጠዋቱ ሲታይ፣ ኒውሮፊላመንት ኤች ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በ3ኛው ሳምንት ያንኑ ባች ስቀባ ሳህኑ በክር ተሞልቶ አገኘሁት።

ፕሮቲኖች ጄል ውስጥ በክብደት ተለይተው በአንቲቦዲ በሚታዩበት ዌስተርን ብሎት ላይም ተደናግረናል። ከአሚኖ አሲዱ ቆጠራ ሲሰላ ክብደቱ ከ110 ኪሎዳልተን ብዙም አይርቅም፤ ጄሉ ላይ የሚታየው ግን ከ200 በላይ ነው። አለቃዬ «የተሳሳተ ፕሮቲን ይዟል» ብሎ ሊያስመልሰኝ ነበር። ነገሩ ፕሮቲኑ ጭራው ላይ በፎስፌት የታጨቀ በመሆኑ ጄሉ ውስጥ ቀስ ብሎ መጓዙ ነው፤ ናሙናውን ፎስፌት በሚያራግፈው ኢንዛይም፣ በፎስፋቴዝ፣ ሳክመው መስመሩ ወደ ታች ወረደ፣ አለቃዬም ዝም አለ።

ፕሮቲኑን በአንቲቦዲው ይዤ ከናሙናው ውስጥ ከነተባባሪዎቹ ለመሳብ የሞከርኩበት ሁለት ቀን ግን በከንቱ ቀረ። የዶሮ አንቲቦዲ፣ ለዚህ ሥራ አንቲቦዲ መያዣ በሆኑት በፕሮቲን ኤ ላይም ሆነ በፕሮቲን ጂ ላይ አይጣበቅም። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው፤ አንብቤዋለሁም። ለዚህ ሥራ የጥንቸሉን ግዙ።

አሁን ቅሬታዬ። ሁለተኛዋ ብልቃጥ የመጣችው በሌላ ሎት (የምርት ዙር) ቁጥር ነው፤ በ1:5000 ስትቀባ ደብዝዛ ቀረች። ማቅጠኑን ወደ 1:2000 ሳወርደው መስመሩ ተመለሰ፣ ከእሱ ጋር ግን ትንሽ ጭጋግም መጣ። ያለ መጀመሪያ አንቲቦዲ የቀባሁት ቁራጭ ንጹሕ ስለነበር ጣጣው ከሁለተኛው አንቲቦዲ አይደለም። ፖሊክሎናል፣ ማለትም ከእንስሳ የተወሰደ የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ፣ ከሆነ ዶሮዋ ስትቀየር አንቲቦዲውም እንደሚቀየር ይገባኛል። ያልገባኝ ብልቃጡ ላይም ወረቀቱ ላይም ያው 1:5000 መጻፉ ነው። ደንበኞች አገልግሎት ስጽፍላቸው «በየላቦራቶሪው ይለያያል» የሚል መልስ ሰጡኝ።

አዲስ አበባ ያለች የክፍል ጓደኛዬ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ብላ ጠይቃኝ ነበር። የእኛ በ50 ከመቶ ግሊሰሮል የተበጀ ስለሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም አይጋገርም፤ መቀዝቀዝና መቅለጥ እየተፈራረቁ አይጎዱትም። የግሊሰሮሉ ክፋቱ መወፈሩ ነው። ፒፔቱን ቀስ ብሎ ያልሳበ ሰው 1 ማይክሮሊትር የወሰደ መስሎት ግማሹን ነው የሚወስደው።

ለሦስተኛው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ሎት የቀረ ካላቸው ሦስት ብልቃጥ በአንድ ጊዜ እንደምንወስድ ጽፌላቸዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ መልስ የለም።