የፋርማሲው የክንድ ማንጠልጠያ፦ ትከሻ ለወለቀበት ሰው

ደብረ ብርሃን ከፋርማሲ የሚገዛው ከረጢት መሰል የክንድ ማንጠልጠያ፣ ብዙዎች አርም ስሊንግ የሚሉት፣ ጥሩ ዕቃ ነው። የሚጠቅመው ግን ትከሻው በሐኪም እጅ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ነው። የወለቀ ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ ክንዱን ከጎን አርቆ ስለሚይዝ፣ በግድ ከረጢቱ ውስጥ መክተት ሕመም ከመጨመር ሌላ ትርፍ የለውም። ያን ጊዜ ጋቢ አጣጥፎ በክንዱና በጎኑ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት፣ በነጠላ ደግፎ ማሰር፣ ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ አይሰጠው።

ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማስጎተትን አጥብቀን እንቃወማለን። ስብራት አብሮ መኖር አለመኖሩ ያለ ራጅ አይለይም፤ ጉተታው ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። በቀርከሃ ተጠፍንጎ ታስሮ፣ ደም ተቋርጦበት እጁ የተቆረጠ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም፤ ሕፃናትም አሉበት።

የማንጠልጠያው ዋና ጉድለት መጠኑ ነው። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ለረጅም ሰው ያጥራል፤ የእጁ አንጓ ከረጢቱ ጫፍ ላይ ይንጠለጠልና እጁ ያብጣል። ስትገዙ ክርኑ ከከረጢቱ ጥግ ደርሶ፣ ጨርቁ እስከ ትንሿ ጣት ሥር መዝለቁን እዩ። እጁ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ጣቶች በሙሉ ይታዩ። ማንገቻው ቀጭን ከሆነ አንገት ይቆርጣል፤ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሉበት። የመንዝ በርኖስ የሚለብስ ሰው ደግሞ ከላይ ይደርበው እንጂ ከማንጠልጠያው ሥር አያድርገው። የሱፉ ብናኝ የማንገቻው ማጣበቂያ (ቬልክሮ) ውስጥ ሲሰገሰግ መያዝ ያቆማልና በመርፌ እየለቀማችሁ አጽዱት።

ደም ወደ እጁ በደንብ መድረሱን ለማየት፣ ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት። በደጋው ብርድ ጤነኛ እጅም ስለሚቀዘቅዝ ከሌላኛው እጅ ጋር አስተያዩ። ጣት ከጠቆረ፣ ወይም የትከሻው ውጫዊ ጎን ከደነዘዘ ሐኪም ዛሬውኑ ይየው።

ማንጠልጠያው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይታዘዛል። በዚህ መካከል ጣት፣ አንጓና ክርን በቀን ደጋግሞ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ካልሆነ ክርኑ ይገትራል። ወጣቶች ሕመሙ ሲጠፋ ቀድመው ይጥሉታል፤ ዳግም የሚወልቅባቸው ግን ይበልጡን እነሱ ናቸው።

ፋርማሲው ያለው አጭሩ ብቻ ከሆነ አትግዙ። በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ከአንገት ጎን የተቋጠረ ነጠላ ከእሱ የተሻለ ይይዛል።