«ሲግናል ማጠናከሪያ» ስትገዙ ፍጥነቱ በማን ስልክ እንደሚለካ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከሱቁ ከተመለስሁ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፤ ነገር ግን እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ዝርዝሩ እንዳይጠፋብኝ ስለፈራሁ አሁኑኑ ልጽፈው ወሰንሁ። የቤታችሁ ዋይፋይ አንዱ ክፍል እየደረሰ ሌላው ክፍል እየጠፋ ያስቸገራችሁና «ሲግናል ማጠናከሪያ» እንድትገዙ የተመከራችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ችግራችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መሣሪያው ከመደርደሪያ ወርዶ ፊታችሁ ይቀመጣል። ራውተሩ የት እንደተቀመጠ፣ በመካከል ስንት ግድግዳ እንዳለ፣ የምትከፍሉበት መስመር ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ለእኔ የወረደልኝ አራት አንቴና ያለው ሪፒተር፣ ማለትም የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሲሆን ካርቶኑ ላይ 1200 የሚል ቁጥር በትልቁ ታትሞበታል። ሻጩ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳርፎ «ከእንግዲህ እርስዎ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የማይደርስበት ጥግ አይኖርም» አለኝ። ይህ ቁጥር መሣሪያው በሚያስተላልፍባቸው ሁለት የሞገድ ክልሎች (ባንዶች)፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚገኘው በሰከንድ 300 ሜጋቢትና በ5 ጊጋኸርዝ የሚገኘው 867 ሜጋቢት ተደምረው ወደ ላይ የተጠጋጉበት የወረቀት ላይ ድምር መሆኑን፣ ሲግናሉ ስንት ግድግዳ እንደሚያልፍም ምንም እንደማይናገር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከፈልሁ። ሻጩ ወዲያው ስልኩን አንሥቶ «የሚገጥምልዎ ልጅ» ጠራልኝ፤ ለገጠማውም ለብቻው ከፈልሁ።

ልጁ በየንግግሩ መካከል «ጋሼ» የሚል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ ጨዋ ወጣት ነው። ራውተሬ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ የብረት በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በሩን ከፈተ፤ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን የይለፍ ቃል በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ ከዚያም በሩን መልሶ ዘጋው። ይህችን የበር መዝጋት አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ። ሪፒተሩን ይዞ ልጄ ወደምታጠናበት ወደ መጨረሻው ክፍል ሄደና፣ ሲግናል በማይደርስበት በዚያው ክፍል ግድግዳው ላይ ሰካው።

መብራቶቹ አረንጓዴ ሲሆኑ «ይመልከቱ ጋሼ» ብሎ የራሱን ስልክ አወጣና የፍጥነት መለኪያውን አስነሣ። መርፌው እየዘለለ ወጥቶ 61 ላይ ቆመ። ስልኩን ወደ እኔ ሲያዞረው አውራ ጣቱ የስክሪኑን የላይኛውን ቀኝ ጥግ ሸፍኖት ነበር። ሰው ስልኩን ለሌላ ሰው ሲያሳይ ከታች ወይም ከጎን ይይዛል እንጂ ጣቱን ስክሪኑ ጥግ ላይ አያሳርፍም፤ ይህን አሁን አሰብሁት እንጂ ያን ጊዜ አላሰብሁትም። «የኔ መስመር እኮ 25 ሜጋቢት ነው፤ 61 ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዐይኔን እያየ፣ ምንም ሳያቅማማ «ማጠናከሪያው ነዋ ጋሼ፤ ጎትቶ ነው የሚያመጣው» አለኝ። እኔም አመንሁት። ማመን ብቻ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ «ያዝልኝማ፣ ለልጄ ላሳያት» ብዬ ስልኩን ፎቶ አነሣሁት። ጥቂት ካመነታ በኋላ ያዘልኝ። ከተስማማነው ሒሳብ በላይ ጨምሬ ሰጥቼ፣ በር ድረስ ሸኘሁት።

ያን ዕለት ማታ ልጄ በኢንተርኔት በምትከታተለው ትምህርት መካከል የመምህሯ ድምፅ እንደ ቀድሞው ይቆራረጥ ጀመር። በራሴ ስልክ ስለካው 1.8 ሜጋቢት ሆነ። የዋይፋዩ ምልክት ግን ሙሉ ነው። የሆነ ነገር ተነካክቶ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁት፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቀን ያነሣሁትን ፎቶ አወጣሁና በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ከልጁ አውራ ጣት ጥፍር ጎን፣ የዋይፋይ ቅስቶች ሊታዩበት በሚገባው ቦታ፣ «4ጂ» የሚል ምልክት ጫፉ ይታያል። ከ61 ሥር በትንሹ የተጻፈው የአገልግሎት ሰጪ ስምም ለእኔ ቤት መስመሩን የሚያቀርበው ድርጅት አይደለም። ልጁ የለካው የራሱን ሞባይል ዳታ ነበር። የሸጡልኝን መሣሪያ ጨርሶ አልለካውም።

ፎቶውን እያየሁ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ማታለያው ረቂቅ አልነበረም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ በራሴ አፍ ጠይቄ የማይረባ መልስ ተቀብያለሁ። 25 ሊትር ከያዘ ጀሪካን 61 ሊትር አይቀዳም። ሪፒተር የሰማውን መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ እንጂ በመስመሩ ያልገባውን ፍጥነት የሚፈጥር አይደለም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ የምከፍልበትን ውል ማስታወስ ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኔ ደግሞ አስታውሼዋለሁ። አስታውሼም ዝም አልሁ፤ ምክንያቱም የሚያውቅ የሚመስል ሰው ፊት የማያውቅ መስሎ መታየት ስለከበደኝ ነው።

በማግሥቱ ሥራዬን ትቼ ቤቴን ራሴ መፈተሽ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ስለካው 24 ሆነ፤ ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ፣ በገመድ አልባው በኩል ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ሳሎን ቆሜ በዋይፋይ ለካሁ፤ የቁም ሣጥኑ የብረት በር ተዘግቶ 11፣ ተከፍቶ 22 ሆነ። ብረት ሲግናልን እንደሚከለክል ማንኛውም የዋይፋይ ባለሙያ ያውቃል። ያ ልጅ በሩን ከፍቶ ራውተሩን ካየው በኋላ ነው መልሶ የዘጋው። ራውተሩ ከዚያ ቢወጣ እኔ ሪፒተር እንደማያስፈልገኝ ያውቅ ነበር፤ አንዲት ቃል ሊነግረኝ ሲችል በሩን ዘጋው። ከ61ዱ ውሸት ይልቅ ይህ ይበልጥ ያመኛል።

ራውተሩን ረዘም ባለ ኬብል አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ ከፍ ያለ ክፍት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። በልጄ ክፍል የሚደርሰው ሲግናል ከዜሮ በታች 84 ዴሲቤል የነበረው ወደ ከዜሮ በታች 66 ተሻሻለ፤ ዴሲቤል የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ይጠነክራል፤ በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ በ10 እጥፍ ስለሚለያይ ይህ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ በአሳሹ 192.168.1.1 ብዬ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈትሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ራውተሮች ከሚያስተላልፉባቸው መስመሮች (ቻናሎች) እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ፣ የእኔም የጎረቤቶቼም ራውተሮች 6 ላይ ተጨናንቀው አገኘኋቸው። ወደ 1 ቀየርሁት። ሪፒተሩ ተነቅሎ፣ በልጄ ክፍል 15 ሜጋቢት ለካሁ። እዚያው ገጽ ላይ ልጁ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል «እንዳይረሱት» ብሎ 12345678 አድርጎት እንደሄደም አየሁ፤ እሱንም ለወጥሁት።

ሪፒተር በራሱ መጥፎ ዕቃ እንዳልሆነ ለመናገር እወዳለሁ። ቦታው ግን በራውተሩና ሲግናል በማይደርስበት ክፍል መካከል፣ የራውተሩን ሲግናል ገና ጥሩ ሆኖ ሳለ የሚያገኝበት ስፍራ ነው። እኔ ቤት እንደተደረገው ሲግናል በሌለበት ክፍል ከተሰካ፣ የሚያስተላልፈው የሰማውን ያንኑ ትንሽ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ በአንድ ባንድ ከራውተሩም ከስልኩም ጋር እየተፈራረቀ ሲነጋገር ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወድቃል። ስልካችሁ ላይ የሚታየው ሙሉ ምልክት ከስልኩ እስከ ሪፒተሩ ያለውን ብቻ እንጂ ከሪፒተሩ እስከ ራውተሩ ያለውን አያሳይም። ያን ዕለት ማታ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ 1.8 ያነበብሁት ለዚህ ነው።

ዛሬ መሣሪያውን ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ ይዤ ሱቁ ሄድሁ። በሽያጩ ቀን «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሻጭ ዛሬ «አንተ» ብሎ ጀመረኝ። ፎቶውን ላሳየው ስልኬን ስዘረጋለት ሳያየው «ካርቶኑ ተከፍቷል፤ የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለ። እንዲገጠምልኝ ሰው የጠራልኝ እሱ መሆኑን፣ ካርቶኑም የተከፈተው ለመገጠም መሆኑን አስረዳሁት። «ልጁ የእኛ ሠራተኛ አይደለም፤ በግሉ ነው የሚሠራው» አለኝ። ከዚያ ሪፒተሩን ከእጄ ወሰደና ጠረጴዛው ላይ፣ ከራሳቸው ራውተር አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሰካው። አረንጓዴ መብራቶቹ ሲበሩ በጣቱ እያንኳኳ «ይኸው ይሠራል፤ ችግሩ ቤትህ ነው» አለኝና፣ እኔ ፊቱ ቆሜ ሳለ ወደ ባልደረባው ዞሮ «ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ሳያውቁ እየመጡ ያደርቁናል» ብሎ ተናገረ። ባልደረባው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው እጁ ላይ ያንኑ ካርቶን ይዟል። ልነግረው አፌን ስከፍት ሻጩ «ሌላ ደንበኛ አታጉላላ» ብሎ መሣሪያውን ከግድግዳው ነቅሎ ደረቴ ላይ አስደገፈው። ለሰውዬው ሳልነግረው ወጣሁ። በዚህ እስካሁን እየተናደድሁ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። ራውተራችሁን ከተዘጋ ቦታ አውጥታችሁ፣ በኬብልም በዋይፋይም ለክታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አትግዙ። የግድ ከገዛችሁም ፍጥነቱ ችግሩ ባለበት ክፍል፣ በራሳችሁ ስልክ፣ ሞባይል ዳታው ጠፍቶ ይለካ፤ ከውላችሁ የሚበልጥ ቁጥር ከታያችሁ ለገጣሚው አትክፈሉ። መሣሪያው ካልሠራ እንደሚመለስም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

እኔ ፎቶውን አትሜ ነገ ጠዋት የሱቁን ባለቤት ራሱን ለማነጋገር እመለሳለሁ። ያ ሰውዬ ካርቶኑን ይዞ እዚያው ካገኘሁት ዝም አልልም።