ኤሮፎን ወይስ ኢዊ? ለሳክስፎን ተጫዋች የቀረበ ንጽጽር

በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ በኪራይ ቤት የሚኖር የሳክስፎን ተጫዋች ጎረቤት ሳይረብሽ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ሊለማመድ ቢሻ፣ በትንፋሽ የሚሠሩት ሁለቱ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች፣ የሮላንድ ኤሮፎን ኤኢ-10ም ሆነ የአካይ ኢዊ 5000፣ ፍላጎቱን ያሟላሉ፤ ልዩነታቸው የሚጀምረው ከጣት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤሮፎን ቁልፎቹ እንደ ሳክስፎን የሚጫኑ በመሆናቸው፣ ሳክስፎን የሚያውቅ ሰው ብዙም ሳይቸገር ዜማ ያወጣበታል። የኢዊ ቁልፎች ግን አይንቀሳቀሱም፤ ጣት ሲነካቸው ብቻ ስለሚሠሩ፣ ጣቱን ቁልፍ ላይ አሳርፎ መጠበቅ የለመደ ተጫዋች ያላሰበው ድምፅ ያመልጠዋል። ኦክታቩን (የድምፁን የከፍታ እርከን) ለመቀየርም የግራ አውራ ጣትን በተደረደሩ ትንንሽ የሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ማንሸራተት ያስፈልጋል። እጅ ከለመደው በኋላ ግን፣ ለእስክስታ በሚሆን ፈጣን ዜማ ላይ ቅልጥፍናው የሚያስቀና ነው።

በትዝታም ሆነ በአንቺሆዬ ቅኝት ድምፅን ለማስረግረግ፣ በእኔ ግምት፣ የኤሮፎን ንክሻ የሚሰማው ሪድ (አፍ ውስጥ የሚገባው ስስ ምላስ) ለሳክስፎን ተጫዋች አፍ ይበልጥ የቀረበ ነው።

ኤሮፎን የራሱ ድምፅ ማጉያ ሲኖረው ኢዊ 5000 የለውም፤ በምትኩ ድምፁን ያለ ገመድ ወደ መድረክ ማጉያ ያስተላልፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ፣ በስድስት ተነቃይ ቻርጅ ተደራጊ ባትሪዎች የሚሠራው ኤሮፎን መለዋወጫ ይዞ ሠርግ ለሚሄድ ሰው ይመቻል።