የጥርስ ብሪጅ፦ ከማሠራት በፊት ተሸካሚ ጥርሶቹን ማየት

ብሪጅ፣ ማለትም የጎደለን ጥርስ የሚተካና በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚለጠፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። ቀለሙ ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው። ብሪጁ 5 ዓመት ይቆይ ወይስ 15 ዓመት የሚወስኑት ክፍተቱን ግራና ቀኝ የያዙት ጥርሶች ናቸው።

የተለመደው ብሪጅ ሦስት ጥርስ በአንድ ላይ ተያይዞ የተሠራ ነው። ሁለቱ ጫፎች በተሞረዱት ተሸካሚ ጥርሶች ላይ እንደ ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሽፋን) ይጠለቃሉ። መሃለኛው ሥር የለውም፤ ድዱን ነካ አድርጎ ብቻ ይቀመጣል። እሱ ላይ የሚያርፈው የማኘክ ጫና ሁሉ ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል።

ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ በሰፊው የተሞሉ ወይም ክራውን የሚፈልጉ ከሆኑ ብሪጅ ግሩም ምርጫ ነው፦ ቀዶ ሕክምና የለው፣ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል፣ እንደ ተነቃይ ጥርስ አይንቀሳቀስም። ምንም ያልነካቸው ጤነኛ ጥርሶች ከሆኑ ግን መሞረዳቸው በእውነት ያሳዝናል። ከጎን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሚያኝከው ገጽ ደግሞ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይነሳላቸዋል፤ የተነሳው አይመለስም። ከተሞረዱት ጥርሶች በአንዳንዶቹ ላይ ነርቩ ከዓመታት በኋላ ይሞትና የሥር ሕክምና ይከተላል። እንዲህ ላለው አፍ አጥንቱ ከበቃ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ይሻላል። የጎደለው የፊት ጥርስ ከሆነ ደግሞ ከኋላ በክንፍ የሚለጠፈው የሜሪላንድ ብሪጅ አለ፤ ጎረቤቱን እምብዛም አይነካም። ለፊት ጥርስ ባለ አንድ ክንፉን እንመርጣለን። ባለ ሁለት ክንፉ አንዱ ጎኑ ቢላቀቅ ሌላው ይዞት ስለሚቆይ፣ ከላላው ክንፍ ሥር ጥርሱ ሳይታወቅ ይበሰብሳል።

ጥሩ ሐኪም ከመሞረዱ በፊት የእያንዳንዱን ተሸካሚ ጥርስ ራጅ እስከ ሥሩ ጫፍ ያያል፣ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ጥልቀት ይለካል፣ ጥርሱ ይነቃነቅ እንደሆነም ይሞክራል። ጥርሱ በቅርቡ ከተነቀለ ለቋሚው ብሪጅ ከ2 እስከ 3 ወር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ አለዚያ ድዱ ሲሟሽሽ ከመሃለኛው ጥርስ ሥር ክፍተት ይከፈታል። ቀለም የሚመረጠው ገና ሥራው ሳይጀመር ነው፤ አፍ ተከፍቶ የቆየ ጥርስ ደርቆ ስለሚነጣ ያሳስታል።

ከዚያ ልክ ይወሰዳል፣ ጊዜያዊ ብሪጅም ይለጠፋል። ይህን ጊዜያዊ ብሪጅ እንደ ትርፍ ነገር ማየት ስህተት ነው። ላብራቶሪው እስኪጨርስ ጥርሶቹ ባዶአቸውን ከቆዩ ቦታቸውን ይለቃሉ፤ የተጠናቀቀው ብሪጅም አልገባ ይላል።

በመጨረሻው ቀን ብሪጁ ከመለጠፉ በፊት በደረቁ፣ ያለ ማጣበቂያ፣ መሞከር አለበት። የክራውኑ ጠርዝ በምርመራ መርፌ ሲዳሰስ ደረጃ ሊኖረው አይገባም። አፍ ሲዘጋ ብሪጁ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ በባለ ቀለም ወረቀት ተለይቶ ይሞረዳል። አፍ ደንዝዞ ከሆነ ይህን በትክክል መናገር ስለሚያስቸግር፣ በማግስቱ ከፍ ያለ ከመሰለ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ማሳየት ነው። ከድድ ሥር የቀረ ማጣበቂያም ድዱን እያደማ ይከርማል።

ስለ ቁሳቁሱ፦ ብረት ውስጡ ያለው ፖርስሊን አስተማማኝ ነው፤ ድድ ሲሸሽ ግን ጠርዙ ላይ ግራጫ መስመር ሊታይ ይችላል፣ ፖርስሊኑም አንዳንዴ ይሸረፋል። ሙሉ ዚርኮኒያ (ብረት የሌለው ነጭ ሴራሚክ) ለመንጋጋ ጥርስ ጠንካራ ነው። ደካማ ቦታው ጥርስ ከጥርስ የሚያያዝበት አንገት ነው። ለኋላ ጥርስ 9 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ይፈልጋል፤ ከቀጠነ ይሰበራል፣ የተሰበረ ዚርኮኒያም አፍ ውስጥ አይጠገንም። አንገቱ ያለ ልክ ከወፈረ ደግሞ ለማጽጃ ቀዳዳ አይተርፍም። ይህን ሚዛን የሚጠብቅ ላብራቶሪ ከቆንጆ ቀለም ይበልጣል።

ማጽዳቱም እዚያው ነው። ተራ የጥርስ ክር ከላይ አይገባም፤ ጥርሶቹ ተያይዘዋል። ጫፉ ደረቅ፣ መሃሉ ስፖንጅ መሳይ የሆነውን የብሪጅ ክር ከጎን አሾልኮ፣ ከመሃለኛው ጥርስ ሥር ወዲያና ወዲህ መሳብ፣ ከዚያም የሁለቱን ተሸካሚዎች ጎን ማሸት ያስፈልጋል፤ በየምሽቱ።

በጣም የሚያሳስበው ብልሽት አንዱ ጎን ብቻ ሲላቀቅ ነው። ብሪጁ በሌላው ጎን ተይዞ ስለሚቆይ አይወድቅም፣ ነርቩ የወጣለት ጥርስ ከሆነም ምንም አያምም። ምልክቱ መጥፎ ጣዕም ወይም ሽታ ነው፤ ሐኪሙ ብሪጁን ጫን ለቀቅ ሲያደርገው ከጠርዙ ምራቅ አረፋ ሠርቶ ይወጣል። ቶሎ ከተደረሰበት ተነቅሎ፣ ጥርሱ ታይቶ፣ መልሶ ሊለጠፍ ይችላል። በቤት ሙጫ መለጠፍ ግን ብሪጁን ያለ ቦታው ያደርቀዋል፣ ከሥሩ ያለውን ብስባሽም ይዘጋበታል።