ሳይክልና ዲዛይን በደሴ ዳገት፦ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ ደሴ ላይ በሳይክል እየተንቀሳቀሱ መሥራት ይቻላል። ግን ሳይክሏ ከሱቅ እንደወጣች አይደለም። እንደ እኔዋ ያለች ሳይክል የምትመቸው ለሜዳ ነው። ባሕር ዳር ብሆን ምንም ሳልነካት እነዳት ነበር። እዚህ ግን የተስማማነው ሁለት ነገር ቀይሬና አንድ ነገር ጨምሬ ነው።

ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው። የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ ባነር፣ አልፎ አልፎ ሎጎ። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ይመስላል፤ ግማሹ ግን መንገድ ላይ ነው። ደንበኛ በቴሌግራም የላክሁለትን ናሙና «ቆንጆ ነው» ይላል። ታትሞ እጁ ሲገባ ነው ቀዩ ቡኒ የሚሆንበት። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ቆሜ የመጀመሪያዋን ወረቀት ማየት አለብኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ ደንበኛው፣ ከደንበኛው ተመልሼ ወደ ማተሚያ ቤት። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ ስል እውልና ኮምፒውተሬ ፊት የምቀመጠው ማታ ነው። በባጃጅ ስሠራ ያማረረኝ ሒሳቡ ብቻ አልነበረም። ጥበቃው ነው። ማተሚያ ቤት ደግሞ ተራህ ካለፈ አለፈ ነው፤ ማሽኑ የሌላ ሰው ሥራ ላይ ይገባል።

ሳይክሏ ያገለገለች ማውንቴን ናት። 26 ኢንች ጎማ፣ የብረት ፍሬም፣ ፊት 3፣ ኋላ 7 ማርሽ። ብራንዷን መጻፍ ብዙም አይጠቅማችሁም። በዚህ ደረጃ የሚሸጡት የተለጠፈባቸው ስም ይለያይ እንጂ ዕቃቸው ያው ነው። ዋጋዋንም ብጽፍ በወሩ ያረጃል።

ወደ ማርሹ ልግባ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ዋናው አስፋልት ከተማዋን በቁመቷ ይዞ ስለሚሄድ ብዙም አያስቸግርም። ጉዱ ያለው ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ነው። ኮብልስቶኑ ፊት ለፊት ይቆማል። ሳይክሏ ስትገዛ ፊት ትንሿ ማርሽ 24 ጥርስ፣ ኋላ ትልቋ 28 ጥርስ ነበረች። በዚህ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ይህ ቀልድ ነው። ወደ አይጠየፍ አዳራሽ በሚያወጣው ዳገት ላፕቶፕ ይዞ ግን ጉልበት ይጨርሳል። ደንበኛ ቤት ስደርስ መናገር እስኪያቅተኝ አለከልክ ነበር። ዋጋ መደራደር ያለበት ሰው ደግሞ ትንፋሽ ያስፈልገዋል።

የኋላውን ጥርስ እስከ 34 በሚደርስ አስቀየርኩት። አሁን በአንድ ዙር የምሄደው 1 ሜትር ከ45 ገደማ ነው። እግር ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 18 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ እዩ። አንደኛ፣ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ክንዱ አጭር ከሆነ 34ን አይሸከምም። ሁለተኛ፣ የድሮው ካቴና ሊያጥር ይችላል። መፍቻውም የተለየ ነው። በመዶሻና በስክሪው ድራይቨር እፈታዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሳይክሉን ይዛችሁ ውጡ።

ፍጥነቱን ካነሳን፣ በዚህች ማርሽ በደቂቃ 60 ዙር ብትመቱ በሰዓት የምትሄዱት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእግረኛ ፍጥነት። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ጎን ለጎን እየሄዱ ያወሩኛል። «አብሽሪ ልጄ፣ ደርሰሻል!» ይሉኛል፣ ዳገቱ ገና ግማሽ ሳይሞላ። አንዷ እንዲያውም ሽንኩርታቸውን ኋላ ላይ ጫኑብኝ። አልከፋኝም። ወርዶ ከመግፋት ይሻላል፤ የሠርግ ካርድ ናሙናም በላብ አይረጥብም።

ቁልቁለቱ ሌላ ታሪክ ነው። ኮምቦልቻ ደንበኞች አሉኝ። በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከተማዋ ውስጥ ታፔላና ባነር የሚፈልግ አይጠፋም። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ጥላችኋል። እኔ፣ ሳይክሏና ዕቃዬ አንድ ላይ 80 ኪሎ ግድም ነን። ይህ ክብደት ያን ያህል ሲወርድ የሚወጣው ጉልበት ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ንፋሱ ይወስደዋል። የቀረው የሚያርፈው ሁለቱ ጎማዎች ላይ ባሉት አራት የፍሬን ጎማዎችና በቸርኬው ላይ ነው። አብረዋት የመጡት የፍሬን ጎማዎች አጫጭርና እንደ ፕላስቲክ ደረቅ ነበሩ። ሀረጎ መሀል ላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ የፍሬኑ መያዣም ለስለስ አለብኝ። ቆሜ አቀዘቀዝኳቸው። በሳምንቱ ረዘም ያሉና ለስላሳ የፍሬን ጎማዎች አስገባሁ፤ የፍሬኑንም ሽቦ አብሬ ቀየርኩ። ዋጋው ከጥርሱ በጣም ያነሰ ነው። ለውጡ ግን የበለጠ ነው ባይ ነኝ።

አያያዙም ለውጥ ያመጣል። ፍሬኑን ቁልቁለቱን ሙሉ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግላል። እኔ ጠበቅ አድርጌ እይዝና እለቃለሁ፤ ፊትና ኋላውን እያፈራረቅሁ። ጠርዙን የሚያክኩ ከባድ መኪኖች ከኋላ ሲመጡ ደግሞ ወርጄ አሳልፋለሁ። ሽቅቡን? በሚኒባስ ጣሪያ። ሳይክሏ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ውስጥ። ሀረጎን በእንዲህ ዓይነቷ ሳይክል ሽቅብ እየነዱ የሚመላለሱ ጎረምሶች አሉ። እነሱ ግን ጠዋት ደንበኛ አይጠብቃቸውም።

የጨመርኩት ነገር የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው። ላፕቶፕ ጀርባ ላይ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ጀርባን ያበሰብሳል፤ ትከሻም ይጎትታል። ግን ኮብልስቶን ላይ መጫኛው እንደ ወንፊት ይነቀነቃል። ስለዚህ ሥራዬን የማስቀምጠው ኤስ.ኤስ.ዲ በሚባለው የፋይል ማስቀመጫ ላይ ነው፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ቦርሳውን የሰፋልኝ አንድ ጫማ ሰፊ ሲሆን ጨርቁ ከማተሚያ ቤት የተጣለ የተበላሸ ባነር ነው። ባነር ውሃ አያስገባም፣ አይቀደድም፣ ነፃ ነው። የተማሪ ምረቃ ባነር ስለነበር በአንዱ ጎን «እንኳን ደስ»፣ በሌላው ጎን «አላችሁ» ይላል። ከየትኛው ጎን እንደምታገኙኝ የእናንተ ዕድል ነው። ትላልቅ ፖስተሮችን የምይዘው በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ነው፤ ሁለቱን አፍ ዘግቼ በቁመቱ አስረዋለሁ።

ክረምቱን ገና አልጨረስንም። ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ሃያ ሜትር ፊት ለፊት አይታይም፤ ሳይክሏ ደግሞ ከመብራት ጋር አትመጣም። ፓራፋንጎ ከሌላት ጭቃው ሱሪ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፤ ደንበኛ ቤት ገብቶ ሶፋ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ፍሬኑም ዝናብ ላይ ወዲያው አይዝም። የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው ቸርኬውን የሚያገኘው። ስለዚህ ዝናብ ላይ ቀድሜ እነካካዋለሁ።

ካቴናን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ። አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን የሚሞርደው እሱ ነው። እኔ የስፌት ማሽን ዘይት እጠቀማለሁ። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መቀባት ይጠይቃል፤ ከቀባሁ በኋላ የውጩን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ማርጀቱን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ኢንች ያለው ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ሃያ አራተኛው ቀጣይ ፒን ልክ 12 ኢንች ነው። ከዚያ ላይ በኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ከረዘመ ቀይሩት። ዝም ካላችሁት ውዱን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። የእኔ ግንቦት ላይ ተቀይሯል።

ሌላውን በአጭሩ። የፕላስቲክ ፔዳሎቹ ገና በመጀመሪያው ወር ተሰነጠቁ፤ የብረት አስገባሁ። ኮርቻውን አልወደድኩትም፣ ለመድኩት። የኋላ ጎማ ራጂ (ቸርኬውን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ከዕቃው ክብደት የተነሳ አልፎ አልፎ ይላላል። የጎማው ቫልቭ እንደ መኪና ስለሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ብቻ ልጁን ቀስ በል በሉት። ጎማው ላይ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይላል፤ ኮምፕረሰሩ ግን በአንዴ ያልፈዋል። እኔ ለኮብልስቶን 45 ላይ አቆማለሁ።

ማቆሚያ አሁንም ራስ ምታት ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ዘበኛው «ሞተር ይገባል፣ ሳይክል አይገባም» ብሎ መለሰኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው እሱም አላወቀውም። ሌሎቹ ጋ ግን ጋሼ ብዬ ሰላምታ ካቀረብኩና ሻይ ካልኩ ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ ያስቆሙልኛል።

ዲስክ ፍሬን ያላትን ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ በሽቦ የሚሠራው ከሆነ ይሁን፤ ጭቃ ላይ ከዚህኛው ይሻላል። በዘይት የሚሠራውን ግን እዚህ ለመግዛት አልደፍርም። ፓዱና ዘይቱ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳይክሏ ግድግዳ ተደግፋ ትከርማለች፤ እኔ ወደ ባጃጅ እመለሳለሁ።

ለጊዜው የሚያሳስበኝ የፊት ቸርኬው ነው። ፍሬኑ የሚይዝበት ጎን በጭቃና በአሸዋ ተፍቆ ጎድጉዷል። ማስመሪያ ሳስደግፍበት በመሀል ብርሃን ያሳልፋል። ሀረጎን በዚህ አልወርድም። ራጂ አስተካክሎ የሚያስር ሰው አግኝቻለሁ፤ ቸርኬውን ግን ራስሽ ፈልገሽ አምጪ ብሎኛል። 26፣ ባለ 36 ቀዳዳ፣ ሱቁን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።