ልደታና ሜክሲኮ አካባቢ ቤት ለምትገዙም ለምትሸጡም፣ እኛን ስለረዱን ደላላ

ሰላም ለሁላችሁ። መሃል አዲስ አበባ ቤት ልትገዙ ወይ ልትሸጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ፣ ትንሽ ረዘም ትላለች ግን ትጠቅማችኋለች። እኔና ባለቤቴ የጀሞውን ባለ አንድ መኝታ ሸጠን ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ገዝተን በቅርቡ ገብተናል፣ የሽያጩንም የግዢውንም ስራ የሰሩልን አንድ ደላላ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ላመሰግንዎት ነው ብዬ ሳስፈቅዳቸው "ስልኬን ለፈለገ ስጪ፣ ስሜ ግን ይቅር" ስላሉኝ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ያደረጉልን ነገር ትልቅ ነው።

ሰው ደላላ ላይ ያለውን ምሬት አውቀዋለሁ፣ እኔም ሞልቶኝ ነበር። ቴሌግራም ላይ አይታችሁ ትደውላላችሁ፣ "እሱ ተሸጧል ሌላ ላሳያችሁ" ይባላል፣ ቦታው ስትደርሱ በስልክ ያናገራችሁት ሰውዬ የለም፣ ጓደኛው ነው ያለው፣ ቁልፉ ደግሞ የጓደኛው ጓደኛ ጋር ነው፣ ሁሉም በየደረጃው የራሱን እየጣለበት ሻጩ የጠራው ዋጋና እናንተ ጋር የሚደርሰው ዋጋ አይተዋወቁም። ገበያውም አያዝንም። የፒያሳና የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ከፈረሰ ወዲህ መሃል ከተማ በቀረው ቤት ላይ ሰው እየተሻማ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ገንዘቡ እንዳይረክስበት የፈራው ሁሉ ወደ ቤት ዞረ። በብድር ልግዛ ብትሉ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን የብድር እድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፣ ጣሪያውን በኋላ ከፍ ቢያደርገውም እኛ በሄድንባቸው ባንኮች የሰጡን መልስ ተመዝገቡና ጠብቁ ነው። ስለዚህ ካሽ የያዘ ይቀድማል፣ ለመቅደም ሲባልም ሳይጣራ ቀብድ ይከፈላል። ጋሼን ያወቅናቸው እዚህ ትርምስ ውስጥ እያለን ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ይሄን ጽሁፍ ያስጻፈኝ። መጀመሪያ ልባችን ያረፈው ሠንጋተራ 40/60 (መንግስት በቁጠባ ያሰራው ኮንዶሚኒየም) ላይ የነበረ አንድ ቤት ላይ ነው። ፎቁ ጥሩ፣ ጽዱ፣ ዋጋው አካባቢው ላይ ከሚጠራው ቀነስ ያለ። ባለቤቱ ውጪ ሀገር ነው የሚኖረው ተብሎ የሚሸጠው በውክልና ዘመዱ ነበር። ሰውዬው ደግሞ "ከሰአት ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ ይመጣል" እያለ ያጣድፋል። ካፌ ቁጭ ብለን ባለቤቴ ብሩን ለማስተላለፍ የባንኩን አፕ ከፍቶ ይዟል። ጋሼ "ቆይ አንዴ" አሉና የውክልናውን ኮፒ ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፣ በእስክሪብቶአቸው ጫፍ መስመር በመስመር እየተከተሉ፣ ድምጽ እያወጡ። ማስተዳደር አለ። ማከራየት አለ። ኪራይ መቀበል፣ መንግስት መስሪያ ቤት ቀርቦ ጉዳይ ማስፈጸም፣ ጠበቃ መወከል፣ ሁሉም አለ። ጨረሱና ወረቀቱን ወደ ሰውዬው አዙረው "መሸጥ የሚለው የታለ ወንድሜ?" አሉት። ሰውዬው "ጠቅላላ ውክልና ነው እኮ፣ ሁሉንም ይጨምራል" አለ። ጋሼ ሳይቆጡ "አይጨምርም፣ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ነው የሚያስፈልገው፣ መሸጥ ተብሎ ካልተጻፈ መሸጥ አትችልም" አሉት። ቤት ገብቼ ሳነበው እውነት ነው፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2205 ላይ ቁጭ ብሏል። አስከትለውም "ባለቤቱ አግብቷል ወይ?" ብለው ጠየቁ። አግብቷል። የሚስትየው ስምምነት የለም፣ የሷም ውክልና የለም። በቤተሰብ ህጉ ደግሞ የጋራ የሆነን ቤት አንደኛው ተጋቢ ብቻውን መሸጥ አይችልም።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። እንደዚህ አይነት ውክልና ውል የሚያጸድቀው የመንግስት መስሪያ ቤት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢቀርብ ሽያጩን አያዋውሉበትም። ግን ሰው እዛ የሚደርሰው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው! ካፌ ውስጥ በተጻፈች ወረቀት ብሩ ይሄዳል፣ ከዛ እንግዲህ ሰውዬውን ስትፈልጉ ኑሩ። ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል የሚለውን ህግ ሁላችንም እንሰማለን፣ የመሸጥ ስልጣን የሌለውን ሰው ግን እጥፍ መልስ ብላችሁ ስንት አመት ፍርድ ቤት እንደምትመላለሱ አስቡት። ጋሼ ወደኛ ዞረው "ዛሬ ቀብድ አይከፈልም፣ ውክልናው ተስተካክሎ ሲመጣ እናያለን" አሉ፣ አለቀ። ያን ቤት ብንገዛ ኮሚሽናቸው ወፍራም ነበር፣ የሚያገኙት ደግሞ እኛ ስንገዛ ብቻ ነው፣ እንጀራቸው ነው። እሳቸው ናቸው ያስቆሙን። ባለቤቴ መንገድ ላይ እስከ ቤት ድረስ አልተናገረም፣ ማታ ላይ "ያ ብር እኮ የአስር አመት ቁጠባችን ነበር" አለኝ።

ከዛ በኋላ የልደታውን አገኙልን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ቀን ካየነው በኋላ ጋሼ "ማታ ደግሞ እንምጣ" አሉ፣ ለምን ስንላቸው ውሃ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ላይኛው ፎቅ ደግሞ ቧንቧው ሲመጣም ግፊቱ ላይደርስ ይችላል። ማታ መጥተው የኩሽናውን ቧንቧ ከፈቱ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቁ፣ ሮቶው (የውሃ ማጠራቀሚያው) የማን እንደሆነና ከሽያጩ ጋር ይቀር እንደሆነ ጠየቁ፣ ከዛ ሻጩን ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤት አንኳኩተው ውሃ የትኛው ቀን እንደሚመጣ አጣሩ። እሳቸው ባያስቡት እኔ እንደዚህ ማጣራት ይቻላል ብዬም አላስብም ነበር። የህንጻው ማህበር ወርሃዊ መዋጮ ያልተከፈለ ነበር፣ ሻጩ ከፍሎ ደረሰኝ እስኪያመጣ ጠበቅን።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሻጩን ይዘውት ክፍለ ከተማ ድረስ ሄደው ካርታውን ከፋይሉ ጋር አመሳከሩ፣ የባንክ ዕዳ አለ ወይ፣ የፍርድ ቤት እገዳ አለ ወይ። ኮፒ አይተው አያምኑም። ከዛ ማን ምን እንደሚከፍል ገና ቀብድ ሳይነሳ በወረቀት አስጻፉን። ሻጩ መጀመሪያ እንደ ብዙ ሰው "የተጣራ እጄ ይግባ፣ ግብሩን እናንተ ቻሉ" ነበር ያለው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ግን ቤት ሲሸጥ በትርፉ ላይ የሚከፈለው የ15 በመቶ ግብር የሻጭ ነው፣ ጋሼ ይሄን አስረድተውት ቴምብሩና የስም ማዛወሪያው ወደኛ፣ የትርፉ ግብር ወደሱ ሆኖ ተስማማን። ውል ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ የሚል ሃሳብም መጥቶ ነበር፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ጋሼ ግን ቁጣ ቀረሽ "የተከፈለው ይጻፋል" አሉ። ምክንያታቸው ሌላ ቀን ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፣ ያልተጻፈውን ብር ማን ይመልስልሻል ነው። ቀሪውን ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው ቼክ) አሰርተን ሰነዶች ማረጋገጫ ተፈራረምን።

የጀሞው ሽያጭ ብዙ የሚወራ የለውም፣ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው፣ መሸጥ የማይቻልበት 5 አመት ካለፈ ቆይቷል፣ የባንኩን ዕዳ ጨርሰን ክሊራንስ ይዘን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ገና ከመጀመሪያው ገዢውን ከኛ ጋር ፊት ለፊት አስቀምጠው ነው ያደራደሩን፣ ከላይ የተጣለ ሳንቲም የለም። ሸጠን ሜዳ ላይ እንዳንቀርም ገዢውን አግባብተው የልደታው እስኪያልቅ እዛው እንድንቆይ ውሉ ላይ አስገቡልን። ዋጋ በየሳምንቱ በሚጨምርበት ከተማ መጀመሪያ ሸጦ በኋላ ቤት መፈለግ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያየ ያውቀዋል።

ኮሚሽናቸው 2 በመቶ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ነግረውን የመጨረሻ ቀን ያንኑ ተቀበሉ። የቤት ማሳያ ብለው ብር አልጠየቁንም፣ ታክሲውን እንኳን እኛ ነን በግድ የከፈልነው።

እውነቱን ለመናገር ፈጣን አይደሉም። ዛሬ ደውዬ ነገ ልፈራረም ለሚል ሰው አይሆኑም፣ ቴሌግራም ላይም ፎቶ አይለቁም፣ ስልክ ካላነሱ የሰው ጉዳይ ይዘው መንግስት ቢሮ ቆመው ነው ማለት ነው፣ መልሰው ይደውላሉ። የሚሰሩትም የሚያውቁት ሰፈር ላይ ብቻ ነው፣ ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ ሠንጋተራ፣ ተክለሃይማኖት፣ አብነት። ሲኤምሲ ወይ አያት የምትፈልጉ "እዛ አላውቅም" ብለው ይመልሷችኋል። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስለሆኑ አትደውሉላቸው። ሻጭ ከሆናችሁ ስትሄዱ ካርታችሁን፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃችሁን፣ ውርስ ከሆነ የወራሽነቱን የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። በውክልና የምትሸጡ ደግሞ ኦርጅናሉን።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን እንደሚያሳዩዎት ነግረውኛል። እኔም ባለቤቴም ከልብ እናመሰግናለን፣ እድሜና ጤና ይስጥልን፣ ቡናው የኛ ቤት ነው፣ አራተኛ ፎቅ መውጣት እንደማይወዱ ባውቅም ይምጡ። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ማታ ማታ ነው የማየው፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።