የትሪዮ ዳ ፓዝ «30» አልበም፦ ለወራት ከተደመጠ በኋላ

ትሪዮ ዳ ፓዝ የተባለው አንጋፋ የብራዚል ጃዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን «30» የተሰኘ አልበም በሲዲ ገዝቼ ለወራት ሳዳምጠው ቆይቻለሁ። ጊታሪስቱ ሮሜሮ ሉባምቦ፣ የቤዝ ተጫዋቹ ኒልሰን ማታ እና ድራመሩ ዱዱካ ዳ ፎንሴካ በኒው ዮርክ ተጣምረው የቆዩበትን ሠላሳ ዓመት የሚዘክር ሥራ ሲሆን፣ በ2017 የግራሚ ሽልማት በምርጥ የላቲን ጃዝ አልበም ዘርፍ ለመታጨት በቅቷል። የብራዚላዊውን ጊታሪስትና የዜማ ደራሲ የባደን ፓውልን «ሳምባ ትሪስቴ» ቢያካትትም፣ አብዛኛው ዜማ የሦስቱ የራሳቸው ድርሰት ነው። ለመግዛት የወሰንኩትም ሁሉም ቡድን ከሚደጋግማቸው የቦሳ ኖቫ (ከሳምባ የተወለደ ለስለስ ያለ የብራዚል ስልት) ዜማዎች የተለየ ነገር ፈልጌ ነው።

ቡድኑ ፒያኖ የለውም። ስለዚህ ሉባምቦ ዜማውንም ኮርዱንም (ዜማውን የሚያጅቡትን በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) በአንድ ጊታር ይሸከማሉ፤ ኮርዱን ትተው በነጠላ ድምፅ ወደ ሶሎ ሲገቡ ደግሞ ከድራሙ ሌላ ከሥር የሚቀረው የኒልሰን ማታ ቤዝ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጆሮዬን የያዘው የጊታሩ ፍጥነት ነበር። እየቆየ ግን ቀልቤን የሳቡት ድራሞቹ ሆኑ። በሪዮ የካርኒቫል ሰልፍ ላይ የሳምባ፣ ማለትም የብራዚል የጭፈራ ሙዚቃ፣ ምት ለብዙ ሰው የተከፋፈለ ነው፤ ሱርዶ የሚባለው ትልቁ ከበሮ ሁለተኛውን ምት አጠንክሮ ሲመታ፣ ትንንሾቹ ከበሮዎችና ጸናጽሎች በመካከል ያለውን ክፍተት ይሞላሉ። ዳ ፎንሴካ ይህን ሁሉ ብቻቸውን፣ ያውም ጊታሩን ሳይሸፍኑ ይጫወቱታል። ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ምቱ ይበልጥ እንደሚጎላ ያስተዋልኩት ደጋግሜ ካዳመጥኩ በኋላ ነው፤ በእኔ እምነት የሠላሳ ዓመት አብሮነት ከሁሉ በላይ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

አልበሙ ጉድለት የለውም አልልም። የሦስቱ መሣሪያዎች ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ስለማይለወጥ፣ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ሲያዳምጡት ወደ መጨረሻው ጆሮ ይደክማል፤ እኔም አሁን ለሁለት ከፍዬ ነው የማዳምጠው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ቤዙ ጨርሶ ስለሚጠፋ፣ ከሳምባው ግማሹ አብሮት ይሄዳል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ቤዝን በደንብ የሚያወጣ ማጫወቻ ላለው አድማጭ ግን፣ በተለይም የጃዝ ድራም ለሚማር ሰው፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አልበም ነው።